ጎተራ ሳይጎድል ሕፃን ለምን ይቀነጭራል? ስለ ወረርሽኝና ስለ ገጠር ልጆች አመጋገብ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ፦ «በአንድ የደጋ ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ በቀበሌዎቻችን ጎተራ አልጎደለም፤ ሰው ተራበ አልተባለም፤ በበሽታው የሞተም ብዙ አልሰማንም። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ግን በጤና ኬላ ሕፃናት ሲለኩ ለዕድሜያቸው ያጠሩና ክብደታቸው ያነሰ ልጆች በርክተው ተገኙ። የጤና ባልደረቦቻችን የኮሮና ጣጣ ነው ይላሉ። እህል ያላጠፋ ወረርሽኝ የሕፃንን አመጋገብ የሚጎዳው በምን መንገድ ነው? ሌላ ጊዜ ቢመጣስ በግብርና በኩል ያለነው ምን ልናደርግ ይገባናል?»

ውድ ጠያቂ፣

«ጎተራ አልጎደለም» ካሉት ቃል ልነሣ፤ የምሰጥዎ ምላሽ በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነውና። ያሉት ትክክል ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የመኸሩ ምርት ተወቅቶ ገብቷል። በሽታው ማሳ አልነካም፤ በሬም አልገደለም። ነገር ግን ጎተራ የሚነግረን ቤተሰቡ ጾሙን አለማደሩን ብቻ ነው፤ የአሥር ወር ሕፃን በዚያ ቀን ከእህል ሌላ ምን እንደ ቀመሰ አይነግረንም። የሕፃን ማዕድ ከጎተራ የሚወጣው በከፊል ነው። የቀረው ከዶሮዋ ጎጆ፣ ከላሟ ግት፣ ከጓሮው መደብ፣ ከቅዳሜ ገበያና ከእናቲቱ ጊዜ የሚመጣ ነው፤ ወረርሽኙ የነካውም ይህንኑ የቀረውን ክፍል ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ግልጽ እንዲሆን ስለ ሕፃን ሆድ ጥቂት ልበል። ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው የእናት ጡት ብቻውን አይበቃውም። ሆዱ ትንሽ ነው፤ እድገቱ ግን በሕይወቱ ከሚኖሩት ዘመናት ሁሉ ፈጣኑ ነው። ስለዚህ የሚቀርብለት ምግብ መጠኑ ጥቂት ሆኖ በውስጡ ብዙ ነገር የያዘ መሆን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት ያወጡት መለኪያ ምግብን በስምንት ምድብ ይከፍላል፤ የእናት ጡት፣ እህልና ሥራሥር፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቢጫና ጥቁር አረንጓዴ አትክልትና ፍራፍሬ፣ እንዲሁም ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ ናቸው። ሕፃኑ በአንድ ቀን ውስጥ ቢያንስ ከአምስቱ ካልቀመሰ አመጋገቡ ጠባብ ነው ይባላል። እንግዲህ በወረዳዎ የተለመደውን የሕፃን ሳህን ያስቡት። ጡት ይጠባል፤ አንድ። የገብስ አጥሚት ወይም እንጀራ በሽሮ ይቀርብለታል፤ እህልና ጥራጥሬ ተጨምረው ሦስት። ከወጡ ጋር ሽንኩርት ገብቶ ይሆናል፤ ግን በሕፃን አፍ የሚደርሰው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከሦስት ወደ አምስት የሚያሻግሩት እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን፣ ካሮት ናቸው፤ አራቱም በጎተራ አይቀመጡም።

ወረርሽኙ ሲገባ ከሦስት ወደ አምስት የሚያደርሱት እነዚህ ሁለት እርከኖች ጠንክረው የቆሙ አልነበሩም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት መካከል በዓይነትም በድግግሞሽም ተቀባይነት ያለው ምግብ የሚያገኙት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች የቀነጨሩት፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረው፣ በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ የነበሩ ሲሆን በ2011 ዓ.ም. ወደ 37 በመቶ ወርደዋል። ይህ በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ የተገኘ፣ በእውነት ልንኮራበት የሚገባ ውጤት ነው፤ ሆኖም ከሦስት ልጆች አንዱ ከመቀንጨር ሳይወጣ ነው ኮሮና የደረሰብን። መቀንጨር ደግሞ በአንድ ክፉ ወር የሚመጣ ጉዳት አይደለም። ከእርግዝና ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የልደት ቀን ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ ጥቂት በጥቂት የሚከማች ነው፤ ስለዚህም ነው እናንተ ጉዳቱን ያያችሁት ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ የሆነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። የገጠር ቤተሰብ የራሱን አምርቶ የሚበላ ነው የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን በሙያዎ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ጨው፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ሳሙና፣ የወፍጮ ቤት ክፍያ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሁሉ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈሉ ናቸው። ከሰኔ በኋላ ደግሞ ብዙው ገበሬ እህልም ገዢ ይሆናል። ገንዘቡ የሚመጣው ከየት ነው? ከቅቤና ከእንቁላል ሽያጭ፣ ከጌሾና ከማገዶ፣ በመስከረምና በጥቅምት ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ከሚወርደው ጎልማሳ፣ ከተማ ገብቶ በቀን ሥራ ከሚያድረው ልጅ፣ ዓረብ አገር ከሄደችው እኅት ነው። ወረርሽኙ ከእነዚህ ምንጮች አብዛኞቹን በአንድ ጊዜ ነካ። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ለአምስት ወር የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ መኪና በግማሽ ሰው እንዲጭን ሲደረግ የመንገደኛው ሒሳብ በእጥፍ ጨመረ፤ በየቦታው የገበያ ቀን ታጠፈ ወይም ወደ ሌላ ሜዳ ተዛወረ። በከተማ የቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ገንዘብ ይልክ የነበረው ልጅ ራሱ ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ፤ ላኪ የነበረው በላተኛ ሆነ ማለት ነው። ከሳዑዲ ዓረቢያም በእነዚያው ወራት በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

ገንዘብ ሲያጥር ቤተሰብ የሚቀንሰው በምን ቅደም ተከተል እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። እህል የመጨረሻው ነው፤ እህል ከቀነሰ ሁሉም ይራባል፤ ስለዚህ ማንም ቢሆን እስከ መጨረሻው የሚይዘው እርሱን ነው። መጀመሪያ የሚቀረው ከገበያ የሚገዛው ካሮት፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ አልፎ አልፎ ለልጅ የሚገዛው ሙዝ ነው። ቀጥሎ ዘይቱ ይሳሳል። ከዚያ የቤቱ እንቁላልና ወተት ከልጁ አፍ ወደ ገበያ ይሄዳል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ በስሕተት ስለሚታይ ጥቂት ልቆይበት። በዚያን ጊዜ ከባልደረቦቼ መካከል እንዲህ የሚሉ ነበሩ፦ ገበያ ከተዘጋ እንቁላሉና ወተቱ ገዢ ስለማያገኝ እቤት ይቀራል፤ እቤት ከቀረ ደግሞ ልጁ ይበላዋል፤ ስለዚህ ቢያንስ በዚህ በኩል ወረርሽኙ ለሕፃናት መልካም ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ነገር ግን እናት እንቁላል የምትሸጠው ስለተረፋት አይደለም፤ ጨውና ሳሙና ስለሚያስፈልጋት ነው። አንዲት የሀበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው፤ ከዚህም ላይ የምትታቀፈው ይነሣል። ሁለት ዶሮ ያላት እናት በሳምንት ሁለት እንቁላል አገኘች ማለት ነው። የጨውና የዘይት ዋጋ ወጥቶ የእንቁላሉ ዋጋ ባለበት ከቆመ ወይም ከወረደ ያንኑ ጨው ለመግዛት ብዙ እንቁላል መሸጥ ይኖርባታል። አንዱን ለልጅ አንዱን ለገበያ ታደርግ የነበረችው እናት ሁለቱንም ወደ ገበያ ትልካለች፤ ገበያው ሲደክም ልጁ ይበልጥ ያጣል እንጂ አያተርፍም። በእኔ አስተያየት በወረርሽኝ ጊዜ የሕፃናትን አመጋገብ ለመከታተል የሚፈልግ ሰው ከማንኛውም መረጃ አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው በአንድ እንቁላል ምን ያህል ጨውና ምን ያህል ዘይት እንደሚገዛ ነው።

በእነዚያ ወራት ከገጠር ቤተሰቦች የተሰበሰበ መረጃም አለ። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከወረርሽኙ በፊት በአካል ያነጋገሯቸውን በምርታማ ሴፍቲኔት (ድሀ ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ ገንዘብ ወይም እህል የሚያገኙበት የመንግሥት ፕሮግራም) ወረዳዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች ወረርሽኙ ከገባ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በስልክ እንደገና ጠይቀዋቸዋል። ከተጠየቁት ሁለት ሦስተኛው ገቢያችን ቀንሷል አሉ፤ ግማሽ የሚጠጉት ምግባችንን የማሟላት አቅማችን ወርዷል አሉ። የምግብ ዋስትና ያጡ ቤተሰቦች ቁጥር ከመቶው ወደ 12 በሚጠጋ ጨመረ፤ ቤተሰቡ በዓመት ውስጥ ምግብ የሚያጥረው ጊዜም በሁለት ሳምንት ገደማ ረዘመ። በሴፍቲኔት የታቀፉት ግን በእጅጉ ተለይተው ተገኙ፤ በእነርሱ ዘንድ ጭማሪው ከመቶ 2.4 ብቻ ሲሆን የእጥረቱ ጊዜ የረዘመውም በአራት ቀን ያህል ነው። የእናቶችንና የሕፃናትን አመጋገብ በተመለከተ ጥናቱ የደረሰበት ደግሞ በአንድ በኩል የሚያጽናና፣ በሌላ በኩል የሚያሳስብ ነው፦ በጠቅላላው ብዙ አልተለወጠም፤ ከእንስሳት የሚገኘው ምግብ ግን በጉልህ ቀንሷል።

«ብዙ አልተለወጠም» የሚለውን ይዘው ጉዳት አልደረሰም ብለው የደመደሙ አሉ። እኔ እንዲህ አላነበውም። ቀድሞውንም ሦስት ዓይነት ብቻ ይበላ የነበረ ሕፃን ከዚያ በታች የሚወርድበት ብዙ ቦታ የለውም፤ ጡቱና እህሉ በማንኛውም ክፉ ጊዜ የማይቋረጡ ናቸው። በአማካይ ሲሰላ ለውጡ ትንሽ የሚመስለው መነሻው ራሱ ወለሉ ላይ ስለነበረ ነው። የቀነሱት እንቁላልና ወተት ደግሞ በመጠን ጥቂት ቢሆኑም ለቁመት እድገት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን፣ ዚንክና ቫይታሚን ቢ12 ለሕፃኑ የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው። በተጨማሪም የስልክ ጥናት ስልክ የሌለውን አያገኝም፤ በገጠር ስልክ የሌለው ቤት ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የደኸየው ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ምግብ ሲያጥር በቤት ውስጥ መጀመሪያ የምትቀንሰው እናት ናት። ልጇን አብልታ፣ ባሏን አስተናግዳ፣ የቀረውን እርሷ ትቀምሳለች፤ ባልቀረ ጊዜ በቡና ቁርስና በቆሎ ትውላለች። ስለዚህ የሕፃኑ ሳህን ሳይለወጥ የታየው በእናቲቱ ሳህን ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ያቺ እናት ነፍሰ ጡር ብትሆን ጉዳቱ የሚታየው አሁን በታዘለው ልጅ ላይ አይደለም፤ ከስድስት ወር በኋላ ክብደቱ አንሶ በሚወለደው ላይ ነው። እናንተ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ የለካችኋቸው የአንድ ዓመት ሕፃናት በኮሮናው ወራት በማሕፀን የነበሩ ናቸው። ልጆቹን ስትለኩ በተዘዋዋሪ የለካችሁት የእናቶቻቸውን የ2012 ክረምት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ከምግቡ ባልተናነሰ የተጎዳው ምክሩና ክትትሉ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በሕፃናት አመጋገብ በኩል የሚሠራው በአብዛኛው ሰው በመሰብሰብ ነበር፤ እናቶች ተሰባስበው ገንፎ እያበሰሉ የሚማሩበት ሠርቶ ማሳያ፣ ወርሃዊ የክብደት ልኬት፣ የልማት ቡድን ስብሰባ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ። ከአራት ሰው በላይ አይሰብሰብ ሲባል ይህ ሁሉ ወይ ቆመ ወይ ሳሳ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሙቀት ስትለካና ከከተማ የገባውን ስትመዘግብ ዋለች። እናቶችም ጤና ኬላውን ፈሩት። ጉዳቱ ከባድ የሚሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ በወለደችው ላይ ነው፤ ልጇ ስድስት ወር የሞላው በግንቦት 2012 ከሆነ ምግብ ማስጀመርን የሚያስተምራት አላገኘችም፤ በጊዜ ያልተጀመረ ወይም እንደ ውኃ በቀጠነ አጥሚት የተጀመረ ምግብ ደግሞ ለወራት ይዘልቃል። ጡት ማጥባትን በተመለከተም ስጋት ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቫይረሱ የተያዘች እናት እንኳ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ ማጥባቷን እንድትቀጥል የመከረ ሲሆን ምክሩ ግን በገጠር ለሁሉም በእኩል አልደረሰም።

ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ተዘግተው ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስኪከፈቱ ድረስ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች እቤት ውለዋል። የትምህርት ቤት ምግብ በሚሰጥባቸው ወረዳዎች ይህ በቀጥታ አንድ ገበታ ማጣት ነበር፤ በሌሎቹ ደግሞ በቀትር ወደ ሌማቱ የሚዘረጋው እጅ በዛ። ለሕፃናቱ የሚቀርበው ምግብ በዚህ ምክንያት መሳሳቱ የሚጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ባልደረቦችዎ «የኮሮና ጣጣ ነው» ሲሉ ሁሉንም ለእርሱ መስጠት ልክ አይመስለኝም። በመጀመሪያ ደረጃ ወረርሽኙ የገባው ዐቢይ ጾም በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ነው። በጾም ወራት በደጋው አገር የወተትና የእንቁላል ነገር በማንኛውም ዓመት ይቀንሳል። ሕፃናት መጾም እንደማይጠበቅባቸው የሃይማኖት አባቶች ቢያስተምሩም እናት ዕቃው እንዳይነካካ ብላ ለብቻ ማብሰሉን ትተወዋለች። ክረምቱም በየዓመቱ የእጥረት ወቅት ነው። ሁለተኛም፣ የበረሃ አንበጣው አለ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በወሎና በሰሜን ሸዋ ቆላማ ቀበሌዎች ለአጨዳ የደረሰ ማሽላና ጤፍ አጥፍቷል። በዚያው ወር መጨረሻ በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ የዋጋ ንረቱም በየወሩ እየባሰ ሄደ። ከወረርሽኙ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት እንኳ የእንቁላል፣ የወተትና የሥጋ ዋጋ ከእህል ዋጋ ይልቅ ሲንር መቆየቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ በወረዳዎ የታየውን በትክክል ለመረዳት ከተፈለገ በ2009፣ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በተመሳሳይ ወር የተለካው መዝገብ ከጤና ኬላው ወጥቶ ቢነጻጸር መልካም ነው። ክረምትን ከበጋ፣ ጾምን ከፍስክ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል።

ሌላ ጊዜ ቢመጣ በግብርና በኩል ምን እናድርግ ላሉት፣ በመጀመሪያ የማነሣው በአለፋ ወረዳ የተደረገ ጥናት ያሳየውን ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ባለችው በዚህች ወረዳ ገበያ ሩቅ የሆነበትና ቅርብ የሆነበት ቤተሰብ ተነጻጽሮ፣ የእናት የአመጋገብ እውቀት የልጇን ምግብ የሚያሻሽለው ገበያ ሲቀርባት መሆኑ ታይቷል። ከገበያ ለራቀችው እውቀቱ ብቻውን ብዙ አልረዳትም፤ ለእርሷ ልጅ ወሳኙ በገዛ ማሳዋና በጓሮዋ የሚበቅለው ዓይነት ነው። ወረርሽኝ ደግሞ ለጥቂት ወራት ሁላችንንም ከገበያ የራቅን ያደርገናል። ስለዚህ በደኅናው ዘመን ለአንድ ሰብል ብቻ ማሳውን ሁሉ የሰጠ ቤተሰብ በክፉው ዘመን ልጁ የሚቀምሰው ያጣል። የአንድ ሰብል ኩታ ገጠም (አጎራባች ማሳዎችን በአንድ ሰብል መሸፈን) በምርት በኩል ጥቅም እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን በዚያው ማሳ ጥግ ባቄላና አተር፣ በጓሮው ሐበሻ ጎመንና ብርቱካናማ ስኳር ድንች እንዲኖር መምከር የግብርና ባለሙያው ሥራ ነው፤ የጤና ባልደረባዎ ይህን ሊሠሩልዎ አይችሉም።

ዶሮን በተመለከተ ከማከፋፈሉ ይልቅ ማኖሩ ይቀድማል። በገጠር ዶሮ የሚፈጀው ፈንግል የሚባለው በሽታ ነው። ቢሾፍቱ የሚመረተው የፈንግል ክትባት ዋጋው ትንሽ ሆኖ ሳለ በየቀበሌው በጊዜው አይደርስም፤ ወረርሽኝ ሲመጣና መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ጨርሶ ይቀራል። በየቀበሌው የሠለጠነ አንድ ሰው ኖሮ ክትባቱ በየሦስትና በየአራት ወሩ ሳይቋረጥ ቢሰጥ፣ ሳምንታዊው እንቁላል ሊጨምር ይችላል። እንቁላሉ ሲበዛ ነው እናት ሳትጨነቅ አንዱን ለልጇ የምታስቀረው።

የገበያ ቀንን በተመለከተ፣ ውሳኔው የእርስዎ ባይሆንም በወረዳው ስብሰባ ላይ ድምፅ አለዎትና ይህን ይናገሩ፦ ገበያን ከመዝጋት ማስፋት ይሻላል። በ2012 አንዳንድ ቦታ እንደተደረገው ገበያውን ወደ ሰፊ ሜዳ ማውጣት፣ ቀኑን ለሁለትና ለሦስት መክፈል፣ ጉልቱን አራርቆ ማስቀመጥ ይቻላል። አትክልትና ወተት የሚሸጡ ሴቶች በምንም ምክንያት ቀድመው መከልከል የለባቸውም። ጥሬ አትክልት በሽታውን ያስተላልፋል የሚለው ወሬ በመቂና በአካባቢው ያሉ አምራቾችን ገበያ እንደጎዳ አይተናል፤ እንዲህ ያለውን ወሬ በአካባቢ ሬዲዮና በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ቶሎ ማስተባበል ያስፈልጋል። አጥቦና አብስሎ መመገብ በቂ መሆኑን ሕዝቡ በእናንተ አፍ ሲነገረው ያምናል።

ሴፍቲኔት ባለባቸው ቀበሌዎች ከሁሉ የሚበልጠው ክፍያው በወሩ መድረሱ ነው። ከላይ ያነሣሁት ጥናት የሚያስተምረን ይህን ነው፤ እህሉም ሆነ ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ግን እንደሚመጣ የተረጋገጠ ነገር እናትን እንቁላሏን ከመሸጥ ያድናታል። በዚያ ክረምት የማኅበረሰብ ሥራ ግዴታው ለጊዜው ተነሥቶ ክፍያው እንዲቀጥል መደረጉ ጥሩ ውሳኔ ነበር። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናትም በመመሪያው ላይ ያለው ከጉልበት ሥራ የመፈታት መብት በደኅናውም ዘመን መከበር አለበት።

ልኬቱን ደግሞ ለእናቶቹ ስጧቸው። በወረርሽኙ ጊዜ በብዙ አገሮች የተስፋፋው አሠራር እናቲቱ ራሷ የልጇን የላይኛ ክንድ በባለ ቀለሙ ሜትር እንድትለካ ማስተማር ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ 12.5 ሴንቲ ሜትር ያልሞላው ቢጫ ነው፤ 11.5 ያልሞላው ቀይ ነው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ይህ የሚያሳየው መቀጨጭን (የሰውነት መክሳትን) እንጂ መቀንጨርን አይደለም፤ ቢሆንም ጤና ኬላው ሲዘጋ ልጁን የሚያይ ዓይን እንዲኖር ያደርጋል፤ ሜትሩን ለማከፋፈል ደግሞ የእናንተ የልማት ሠራተኞች ከማንም ይልቅ ለየቤቱ ቅርብ ናቸው።

ለእናቶች የሚሰጠው ምክር አጭርና በእጃቸው ባለው የሚሆን ይሁን። ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር ተቆልቶ ይፈጭ፤ ገንፎው ከማንኪያ የማይወርድ ወፍራም ይሁን፤ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ ይበልበት፤ ጎመን ተቀቅሎና ደቆ ይግባበት። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ላለው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በላይ ላለው ሦስት አራት ጊዜ ይሰጠው፤ ጡቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። እንቁላል በተገኘ ቀን ለሕፃኑ ይሁን። ይህን አባቶችም ይስሙ፤ እንቁላሉ ይሸጥ ወይስ ይበላ የሚለው በብዙ ቤት የሚወሰነው በእነርሱ ቃል ነውና፣ የአመጋገብ ትምህርታችን እናቶችን ብቻ ሲጠራ መኖሩ በሙያችን ውስጥ ካሉት ጉድለቶች ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ነው።

በመጨረሻ፣ እነዚያን የለካችኋቸውን ልጆች በተመለከተ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጎደለውን ቁመት ሙሉ በሙሉ መመለስ አስቸጋሪ ነው፤ ተስፋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ስማቸው በጤና ኬላው መዝገብ ላይ አለ። ከቤተሰቦቻቸው መካከል በሴፍቲኔት ያልታቀፉ ካሉ በሚቀጥለው ልየታ እንዲታዩ፣ ዶሮና የአትክልት ዘር ሲታደል ቅድሚያ እንዲያገኙ፣ የትምህርት ቤት ምግብ ሲጀመርም እነርሱ ያሉበት ትምህርት ቤት እንዳይዘለል ማድረግ በእርስዎ እጅ ነው። እናቶቻቸው ዳግመኛ ፀንሰው ከሆነም ከዛሬ ጀምሮ ብረትና ፎሊክ አሲድ፣ በቀን አንድ ተጨማሪ ገበታና ከከባድ ሸክም ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል።